ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ

የመጋዘኑ በር ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። እህት ይህን ቃል በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደተናገረችው አታስታውስም፤ በሩን በከፈተችበት ቅጽበት ግን ልብ እንኳ አላለችውም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ወረቀት አልቆባት መጣች፤ መቀርቀሪያውን ሳበች፤ በሩን ወደ ውስጥ ገፋች። በሩ ስንዝር ያህል ሄዶ እምቢ አለ። አንገቷን አሾልካ ስታይ የወንድሟን ጫማ አየች። ቀጥሎ የነዳጅ ጭስ አፍንጫዋን መታት።

ወንድሟ ከበሩ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። የቀኝ እጁ ጣቶች በሩ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ላይ ቀርተዋል፤ አየር ፍለጋ ነው። ጠራችው። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ ትከሻዋን ይዞ እስኪያነሳት ድረስ ደጋግማ ጠራችው።

ቤቱ የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ የሚዘጋጅበት፣ አራት ክፍል ያለው የኪራይ ቤት ነው። የሚሠሩበት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ጥያቄዎቹን የሚያወጣው ወንድሟ፣ በኮምፒውተር የምትተይበው እሷ፣ የቤቱ ኃላፊ የሆነው አርታኢ፣ አንድ ሾፌርና አንድ ዘበኛ። ወንድሟን «ሜትር» ነበር የሚሉት። የፍጥነት፣ የጊዜና የርቀት ጥያቄ ሲያወጣ ቁጥር ከራሱ አይፈጥርም። «አንዲት ሴት ከቤቷ ተነስታ በእግሯ ገበያ ሄደች» የሚል ጥያቄ ካለ፣ ያቺ ሴት እህቱ ናት። ዘንቢል አስይዞ፣ ሰዓት ጨብጦ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ሦስት ጊዜ ገበያ አመላልሷታል። «ባዶ ዘንቢል ይዤ ስመላለስ የሚያየኝ ሰው ምን ይለኛል?» ብትለው፣ «እውነትሽን ነው፣ ሙሉ ዘንቢል ፍጥነት ይቀንሳል፤ ድንች ግዢበት» ነበር ያላት። እንዲህ ያለ ሰው ስለሆነ ጠዋት ከዓይኗ ሲሰወር አልፈለገችውም። አንዱን መንገድ ሊለካ ወጥቶ ነው ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

እሷ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠችው እናታቸውን ልታስታምም ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው የእሱን ጽሑፍ ስትተይብ ነው። እናታቸው ካረፉ ቆይቷል። አሁን ከእሷ ሌላ አስከሬኑን የሚረከብ ዘመድ የለውም።

ከፖሊስ ጣቢያ የመጣው ሳጅን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነገሩን ጨርሶት ነበር። እህትን መተየቢያ ክፍሏ ውስጥ ወንበሯ ላይ አስቀምጦ፣ እሱ በሩን ደገፍ ብሎ ቆሞ በጣቶቹ ቆጠረላት።

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ከአርባ በዋናው በር ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም። ዘበኛው ብቻ አይደለም ያለው፤ ማዶ ያለው ባለሱቅም እንዲሁ ነው ያለኝ። አርታኢው መኪናውን ይዞ ማተሚያ ቤት ሄዷል። ሾፌሩ ጥርሱን ሊያስነቅል ክሊኒክ ነበር። ከዘበኛው ሌላ ግቢው ውስጥ ማን ቀረ?»

«እኔ።»

«ጠዋት ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ የተሰማው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጄኔሬተሩ፣ ጭሱ ከመጋዘኑ ባለፍርግርግ መስኮት ሥር የሚወጣው ጄኔሬተር፣ ይነሳ ያለው ማን ነው?»

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ መብራት ሲጠፋ «አባባ፣ እባክዎ ያስነሱልኝ፣ ገጾቹ ለስምንት ሰዓት መድረስ አለባቸው» ብላ ዘበኛውን የጠራችው እሷ ናት። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት እስኪመጣ ሞተሩ ሲጮህ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲህ ኢንስፔክተሯ ይምጡና፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብረን ወደ ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ነገ ወንድሜን ማን ይቀብረዋል?»

ሳጅኑ ክፉ ሰው አልነበረም። መልስ ከመስጠቱ በፊት መሬት መሬት አየ። «ተረካቢ ከሌለው ማዘጋጃ ቤት ይቀብረዋል» አለ። ወጥቶም በሩን ዘጋው።

ክፍሏ ስድስት እርምጃ በአራት ነው። አብረው ለክተውታል። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ከአርታኢው ክፍል የሚለያት ደግሞ ግድግዳ ለመባል የማይበቃ ስስ የችፑድ ሳንቃ ነው። ተነስታ ቆመች። ተቀመጠች። እንደገና ቆመች። ወንድሟ እዚያ ጭስ ውስጥ በሩን ሲደበድብ እሷ እዚህ፣ ይህ ወንበር ላይ፣ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ቁጥር ስትተይብ ነበር። መታሰርን ፈራች፤ ከመታሰር በላይ ግን እስከ መጨረሻው ልታስበው የፈራችው አንድ ሐሳብ ነበር። በሩን የዘጋው ማንም ይሁን ማን፣ ጭሱን የላከችበት እሷ ናት።

ሰባት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ኢንስፔክተር መጣች። ሃምሳ ዓመት የደፈነች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ያገኘችው ነገር ላይ ቁጭ የምትል ሴት ናት። በመሥሪያ ቤቷ «ለምን» የሚል ስም ወጥቶላታል፤ ምክንያቱን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ከእሷ ጋር መቆየት ይበቃል። መጀመሪያ መጋዘኑን ብቻዋን ሩብ ሰዓት ያህል አየች። ከዚያ መጥታ ከእህት ፊት የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

«አይዞሽ አልልሽም» አለች። «አይዞሽ የምልበት ምክንያት ገና አላገኘሁም። ጠዋት የተጣላችሁት ለምንድን ነው?»

«መጽሐፉን የሚገመግመው ኮሚቴ ጋ አትሂድ ብዬው ነው። መጽሐፉን የጻፈው ወንድሜ ነው፤ አርታኢው ግን በራሱ ስም አስገባው። ወንድሜ አቤት አለ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱንም አቅርበው ሰሌዳ ላይ ሊያሠሯቸው ነበር። ከሥራ ያባርሩናል፣ ተወው አልኩት። እሱ የድሮ ረቂቆቼን ከመጋዘን አወጣለሁ ብሎ ጥሎኝ ሄደ።»

«ረቂቆቹ እዚያ መሆናቸውን ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም።»

«ሲቀረቀርበት ለምን ወዲያው አልጮኸም?»

«እኔም አላውቅም።»

«እኔ ልንገርሽ። ወረቀቶቹ በሦስት ክምር ተለይተው ተቀምጠዋል። መቆለፉን አላወቀም፤ ሥራው ላይ ነበር። ያወቀው ጭሱ ሲመጣ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሞተሩ ይጮሃል።» ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «ሌላ ያልገባኝ ነገር አለ። ከኋላው ግድግዳ፣ ከአየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ ሥር ካርቶን ደራርቧል። ግድግዳው ላይም የጫማ ምልክት አለ። በሩ እያለ፣ ሰው ሁሉ ያለው በበሩ በኩል ሆኖ፣ ለምን ወደ ኋላ ዞረ? ከኋላ ምን አለ?»

«መተላለፊያ ብቻ ነው። የቆሻሻ ማውጫ በር አለ፣ ሁልጊዜ የተቆለፈ ነው።»

«እ» ብላ ተነሳች።

ከትንሽ ጊዜ በኋላ ድምጿ በችፑዱ በኩል መጣ። እህት ጆሮዋን አስጠጋች።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» ስትል ጠየቀች መርማሪዋ።

«ስድሳ ኪሎ ሜትር ነው» አለ አርታኢው። ድምፁ እንደ ወትሮው የተስተካከለ ነበር። «ሲወጣ ዳገት ነው፣ ከሠላሳ በላይ አይኬድም። ሲመለሱ ስድሳ። ማተሚያ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ፣ ዝግ ነው፣ ከመኪናው ሳልወርድ ዞርኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ አራት ከአርባ ላይ ገባሁ። ዘበኛው መዝግቦታል።»

«ምናልባት ሲመለሱ ፈጠን ብለዋል?»

«እመቤቴ፣ መኪናዋ የፍጥነት መገደቢያ አላት። ከስድሳ ካለፈች ራሷን ትይዛለች። የታሸገ ነው፣ ማንም አይነካውም።»

«ከመንገዱ ምን አዩ?»

«ምን አያለሁ? መንገድ ነው።»

የሳጅኑ ድምፅ ጣልቃ ገባ፤ ስልኩ ላይ ቁጥር ሲነካካ ይሰማል። «ኢንስፔክተር፣ እኔም አስልቼዋለሁ። ሠላሳና ስድሳ ተደምሮ ለሁለት፣ አርባ አምስት። ደርሶ መልስ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ለአርባ አምስት ሲካፈል ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ልክክ ይላል።»

«ልክክ ይላል» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «ስለ እህትየውስ ምን ይላሉ?»

«ስለ ሰው ክፉ መናገር አልወድም። ጠዋት ግን ጩኸቷን ሰምቼ ነው የወጣሁት።»

እህት ግንባሯን ችፑዱ ላይ አሳረፈች። ሰውየው አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ግድግዳ ማዶ ሲያስል፣ ሲያዛጋ ሰምታዋለች። እንዲህ በለስላሳ ድምፅ ወደ ጉድጓድ ይገፋኛል ብላ አስባ አታውቅም።

ቀጥሎ የተጠራው ሾፌሩ ነበር፤ ጉንጩ አብጦ፣ ጥጥ ነክሶ።

«ከሟች ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ» አለች መርማሪዋ።

«ማን፣ እኔ ከሜትር ጋር? እትዬ፣ ያቺን ዳገት ስድስት ቀን አስነዳኝ። ስድስት! አንድ ጥያቄ ሊጽፍ። ሁለተኛ አንተን ጭኜ ብወጣ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል ብዬ ምያለሁ። እግዜር ሰምቶኝ በጥርሴ ቀጣኝ።»

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«አይጠይቁኝ። አቧራው፣ ተራራውን የሚንደው ማሽን፣ በአንድ መስመር የሚያሳልፉበት ቦታ አለ፤ ፊትዎ የቆመው የጭነት መኪና ጭስ ሳንባዎን ይጨርሰዋል። ከዚያ የመጣ ሰው ቢያንስ አንድ ሰዓት ሲራገም ነው የሚቆየው።»

«በሠላሳ ይወጣል?»

«ሲቀናዎት። ከዚያ በላይ ግን ገፍተውም አይሆን።»

«ኪሎ ሜትር ቆጣሪውስ ምን ይላል?»

«ከቆመ ስድስት ወሩ። አሠሩልኝ ብዬ ለአርታኢው ጽፌያለሁ።»

ከዚያም መርማሪዋ በሩን ከፍታ ወደ እህት ተመለሰች። በእጇ የረቂቅ ገጽ ይዛለች፤ ከአርታኢው ጠረጴዛ ላይ ያነሳችው ነው።

«ይህን አንብቢልኝ። እኔ ሒሳብ ላይ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ወዳጅነት የለኝም።»

እህት ገጹን አወቀችው። ጥያቄ አሥራ አራት። «አንድ መኪና ዳገቱን ወደ ማተሚያ ቤት በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወጣ፤ በዚያው መንገድ በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር ተመለሰ። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው?» ከሥሩ በአርታኢው ሰማያዊ ቀለም «አርባ አምስት» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ወንድሟ በእርሳስ ሰርዞት፣ «አይደለም። ሄደው ይዩት» ብሏል።

የእጁን ጽሑፍ ስታይ ዓይኗ ተጋረደ። መርማሪዋ አላስቸኮለቻትም።

«ለምንድን ነው አይደለም ያለው?»

«ሁለቱን ፍጥነቶች ደምሮ ለሁለት ማካፈል ስለማይሆን ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ርቀቱ እኩል ነው እንጂ ጊዜው እኩል አይደለም። ስድሳ ኪሎ ሜትር ዳገት በሠላሳ ሲኬድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቁልቁለቱ በስድሳ አንድ ሰዓት ነው። በዝግታ የሄደበት ጊዜ እጥፍ ሆነ። ስለዚህ መቶ ሃያው ለሦስት ሰዓት ይካፈላል፣ አርባ ይመጣል።»

«በስንት ሰዓት አልሽ?»

«በሦስት ሰዓት። ሁለት ሲወጣ፣ አንድ ሲ...»

አልጨረሰችውም። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም አርታኢው ክፍል ተሰበሰቡ። አርታኢው ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ሾፌሩ ጉንጩን ይዞ ወንበር ላይ፣ ዘበኛው ቆቡን አውልቆ ጥግ ይዞ፣ እህት መስኮቱ ሥር። ሳጅኑ ሰንሰለቱን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ በሩን ዘግቶ ቆመ። እህት ከብረቱ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«እኔ ቀስ ብዬ ነው የሚገባኝ» አለች መርማሪዋ፤ «ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገር። አባባ፣ መኪናው በስንት ሰዓት ወጣ?»

«ሁለት ሰዓት። ተመዝግቧል» አለ ዘበኛው።

«ሲመለስስ?»

«አራት ከአርባ። በዚያው በግድግዳው ሰዓት።»

«አርታኢ፣ ይስማማሉ?»

«ከመጀመሪያውም ብያለሁ።»

«ዳገቱን በሠላሳ ወጡ። በስንት ሰዓት ማተሚያ ቤት በር ደረሱ?»

አርታኢው አፉን ከፈተ። ከዚያ የእጅ ሰዓቱን አየ። «ሰዓቴን አላየሁም።»

«እኛ እንይልዎት። ስድሳ ኪሎ ሜትር በሠላሳ፣ ሁለት ሰዓት። ስለዚህ በሩ ላይ የደረሱት አራት ሰዓት ላይ ነው። ለመመለስ የቀረዎት አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። በአርባ ደቂቃ ስድሳ ኪሎ ሜትር ለመምጣት በሰዓት ዘጠና መንዳት ያስፈልጋል፤ ይህችው ልጅ ወረቀት ላይ አስልታልኛለች።»

ሳጅኑ ስልኩን አውጥቶ እየነካካ፣ «አርባ አምስት እኮ ነው...» ብሎ ጀመረና ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ምናልባት ስወጣ ትንሽ ፈጥኜ ይሆናል» አለ አርታኢው።

ሾፌሩ ጥጡን ከአፉ አወጣ። «በዚያች መኪና? ጋሼ፣ እርስዎ እኔን ዳገቱን በአርባ ነድተህ ነዳጅ አቃጠልክ ብለው ቢከሱኝ ኖሮ ዳኛው ይስቅብዎት ነበር።»

«እንግዲያው ስመለስ...»

«የታሸገ መገደቢያ አላት» አለች መርማሪዋ። «ማንም አይነካውም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«የዘበኛው ሰዓት የተበላሸ ቢሆንስ?»

«መውጫዎንም መግቢያዎንም የነገረን ያው ሰዓት ነው። ቢዘገይ ለሁለቱም ነው የሚዘገየው። ደግሞ ባለሱቁም ሰዓት አለው።»

አርታኢው ከጠረጴዛው ላይ አንድ እስክሪብቶ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ክፍሉ ውስጥ ከእሱ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። እህት ከጠዋት ጀምሮ የምታውቀውን ስሜት አሁን ሰው ፊት ላይ አየችው፦ አንዱን በር ሲሞክር ዝግ፣ ሌላውን ሲሞክር ዝግ።

«አንድ ነገር ነው የገረመኝ» ስትል ቀጠለች መርማሪዋ። «መንገድ ሄዶ የመጣ ሰው አያሰላም። ሰዓቱ ያወጣውን ይዞ ይመጣል፤ ሦስት ሰዓት ከፈጀ ሦስት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ከአርባ የሚመጣው ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ያውም የተሳሳተ ወረቀት ላይ። እርስዎ መንገዱን አልሄዱበትም። ጥያቄ አሥራ አራትን ነው የሠሩት። የዋሹበትን ጊዜ በትክክል ጠብቀው መጡ፤ ስሌቱ ግን ልክ አልነበረም። እሱ ደግሞ በእርሳስ ጽፎልዎት ነበር፤ አላመኑትም።»

ወደ ሾፌሩ ዞረች። «የቆሻሻ ማውጫው በር ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከመኪናው ቁልፍ ጋር ታስሮ ነው። ቆሻሻውን የምጥለው እኔ ነኛ።»

«ዛሬ ጠዋት ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

ሾፌሩ አርታኢውን ብቻ አየው።

«መኪናውን ከኋላ መተላለፊያ ላይ አቆሙ። በቆሻሻ በር ገብተው ቀረቀሩበትና ተመልሰው መኪና ውስጥ ተቀመጡ። ስምንት ሰዓት እንዲያልፈው ነው የፈለጉት። እሱ ከተፈታ በኋላ ማን እንደቆለፈው ቢጠየቅ፣ እርስዎ መንገድ ላይ ነዎት።»

«ልገድለው አይደለም» አለ አርታኢው። ድምፁ አሁን የተስተካከለ አልነበረም። «ሰሌዳ ፊት አቁመው እንደ ልጅ ሊያዋርዱኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ። ቀጠሮው እንዲያመልጠው ብቻ ነበር የፈለግሁት። ጄኔሬተር ይነሳል ብዬ አላሰብኩም።»

ያኔ እህት ተናገረች። ማንም ተራ አልሰጣትም።

«ሲነሳ ግን ሰምተዋል።»

አርታኢው ቀና ብሎ አላያትም።

«ግድግዳውን ሲደበድብ ሰምተዋል ወይ? ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

ሳጅኑ ሊናገር ሲል መርማሪዋ በእጇ ከለከለችው።

«በአየር ማስገቢያዋ በኩል የመኪናዋን ጣራ አየ መሰለኝ» አለ አርታኢው። «በስሜ ጠራኝ። ይክፈቱልኝ፣ ጭስ ነው አለ። ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ከሃያ ነበር። አሁን ከገባሁ ማተሚያ ቤት ሄጄ ነበር ማለት አልችልም። ገና አንድ ሰዓት ከሃያ ይቀረኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ... ዝም አለ። አንድ ሰው ከፍቶለት ይሆናል አልኩ።»

«ማንም አልከፈተለትም» አለ ዘበኛው ከጥጉ።

ሳጅኑ ሰንሰለቱን ከወገቡ ፈታ። እህት ብረቱ ሲዘጋ ሰማች፤ የተዘጋው ግን የእሷ እጅ ላይ አልነበረም። አርታኢው በፊቷ ሲያልፍ ያ ሁሌ ከግድግዳው ማዶ ትሰማው የነበረው ሳል ያዘው፤ እያሳለ ወጣ።

መርማሪዋ አንድ ወረቀት ፈርማ ሰጠቻት። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ ትረከቢዋለሽ። ይህን አሳዪያቸው። አሁን አይዞሽ ልበልሽ?»

«ይበሉኝ» አለች እህት።

«አይዞሽ።»

ሲወጡ ደጁ ላይ ፀሐዩ ገና ነበር። ዘበኛው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቆቡን እያሸ ነበር። ስታልፍ አላያትም።

«ልጄ» አለ። «ገመዱን ስቤ ሞተሩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። በመስኮቱ ሥር ቆሜ ነው የሳብኩት። ከእሱ የምርቀው አንድ ክንድ ብቻ ነበር።»

እህት ከጎኑ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ የተሸከመችውን ነገር ሌላ ሰውም ተሸክሞት እንደዋለ ያወቀችው ገና አሁን ነው።

«ያስነሱ ያልኩዎት እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ብሰማው ኖሮ...»

«አልሰሙም። እኔም አልሰማሁም። የሰማው ሰው ሌላ ነው።»

ሽማግሌው ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። ትከሻው እስኪረጋ ድረስ ጠበቀችው። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከመርማሪዋ ፊርማ በታች ያለውን መስመር አሳየችው።

«ተረካቢ ሁለት ሰው ይፈርማል ይላል» አለች። «እኔ አንዱ ነኝ። ሌላው እርስዎ ይሁኑልኝ።»